እርቅ የወረደበት ቤት

በካንላያግ መንደር፣ ባሕሩ ሲሞላ ውሃው እስከ ደረጃው ድረስ በሚደርስበት ዳርቻ ላይ የአርሴንዮና የፔርላ ቤት ነበር። ቤት ከተባለ! ግድግዳው ቀርከሃ፣ ጣሪያው የዘንባባ ቅጠል፣ ከወለሉ ሥር ደግሞ ዶሮና አሳማ ተጋፍተው የሚያድሩበት ነበር። ግን የሚበላበትና የሚሳቅበት ቤት ነበር፤ ይህን ማንም አይክድም። አርሴንዮ ዓሣ ያጠምዳል፣ ፔርላ ኮኮናት ሰንጥቃ በፀሐይ እያደረቀች ለነጋዴ ትሰጣለች። አንድያ ልጃቸው ሪሳ ደግሞ አባቷ ከባሕር ሲመለስ ጀልባዋ መሬት እስክትነካ አትጠብቅም፤ ከነልብሷ ውሃ ውስጥ ገብታ ትቀበለዋለች። እናቷ ትቆጣለች፣ አባቷ ይስቃል። የፔርላ ታላቅ እህት ኢሉሚናዳ፣ ታናናሾቿ ሁሉ እትዬ እንደማለት ማናይ ሉሚ የሚሏት፣ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች፣ እጇም አፏም ሥራ የማይፈታ ሴት ነበረች። የሪሳ ክርስትና እናት እሷ ናት። ከወላጆቿ አስበልጣ ትወዳታለች እያሉ ሲያሟት አላስተባበለችም።

ከዚያ አውሎ ነፋሱ መጣ። በዚያ ዳርቻ አውሎ ነፋስ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሰው ይተኛል፣ ይነሳል፣ ጣሪያውን ይሠራል። ያን ዓመት የመጣው ግን የአርሴንዮን ጀልባ ሰባብሮ ጫካ ውስጥ ጣላት። ይህ አልበቃ ብሎ ነፍሰ ጡሯን ፔርላን ያለ ጊዜው ምጥ ያዛት፤ ወደ ከተማ የሚወስደው ድልድይ በጎርፉ ተወስዶ ነበርና ወንዙ ዳር ላይ፣ በሰው ትከሻ ላይ እንዳለች፣ ከነፅንሷ አረፈች። ምን ይባላል? አንዱን እንባ ሳይጠርጉ ሌላው… ከመሞቷ በፊት እህቷን በዓይኗ ፈልጋ “ሪሳን አደራ” አለቻት። ሉሚም “በእኔ ይሁንብሽ” አለች። ያን ቃል የሰሙ ብዙ ናቸው።

አርሴንዮ ቀብሩ ላይ አላለቀሰም። ያላለቀሰውን በኋላ ቱባ በሚሉት የኮኮናት ጠጅ ሊያወጣው ሞከረ። ጀልባ የለው፣ ሚስት የለው፣ በሰው ጀልባ ላይ ቀዛፊ መሆን ደግሞ አሳፈረው። ጠዋት ይጠጣል፣ ከሰዓት ይተኛል፣ ሲነሳ ሩዙ ካልበሰለ ይቆጣል። ሩዙን የምታበስለው የስምንት ዓመቷ ሪሳ ናት። መጀመሪያ ስድብ ነበር። ቀጥሎ ጥፊ። ቀጥሎ ቀበቶ። ማታ ይመታታል፣ ጠዋት ፀጉሯን ያበጥርላታል፤ ልጅ ይህን በምን አእምሮዋ ትረዳው? አንድ ቀን ሉሚ ቧንቧው ጋ ልታጥባት ልብሷን ብታወልቅላት ጀርባዋን አየች። በነጠላ ጨርቅ ጠቅልላ ወደ ቤቷ ወሰደቻት።

አርሴንዮ ልጄን ሰረቀችኝ ብሎ ጮኸ። መንደሩ ተሰበሰበ። ካንላያግ ደግሞ የራሱ ወግ አለው፦ የተጣሉ ሰዎች በቀበሌው ሊቀመንበር፣ ካፒታን በሚሉት፣ ግቢ ውስጥ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ መሃላቸው የሙዝ ቅጠል ይነጠፋል፣ ትኩስ ሩዝ ይዘረገፍበታል፤ ሁለቱም ከአንዱ ቅጠል ይበላሉ። ከዚያ በኋላ ነገሩ አለቀ። ዳግመኛ ያነሳ፣ ወይም ለዚያ ጉዳይ ሲል ጠቡ የነበረበትን ደጅ የረገጠ፣ ጥፋተኛው እሱ ነው። ይህ ወግ የድንበር ጠብ አብርዷል፣ ሰው ማሳ በገባ አሳማ የተጣሉትን አስታርቋል፣ ሜንጫ የተማዘዙ ወንድማማቾችን አስተቃቅፏል። መልካም ወግ ነው። ለልጅ ገላ ይሆን እንደሆነ ግን እስከዚያ ቀን ማንም አልጠየቀም።

ካፒታን ሞዴስቶ ክፉ ሰው አልነበረም። እንዲያውም ደግ ነበር፤ ሩዙም ከራሱ ጎተራ ነው የወጣው። “ማናይ ሉሚ፣ አባትና ልጅ ናቸው እኮ” አለ። “እናትየው የለች፣ አባቷንም እናሳጣት? እሱም ተጸጽቷል፣ ይኸው አንገቱን ደፍቷል። ብሉና ይለቅ።”

አርሴንዮ እውነትም አንገቱን ደፍቶ ነበር። ሰው ሁሉ ሉሚን አየ። ሉሚ ቅጠሉን አየች። ሪሳ መሃል ተቀምጣ ክርስትና እናቷን ታያለች፤ ልጅቷን የጠየቃት የለም። ሉሚ ጎረሰች። ሴቶቹ እልል አሉ፣ ልጅቷም በዚያው ቀን አባቷን ተከትላ ወደ ቤቷ ሄደች።

ብዙም ሳይቆይ ከከተማ አንዲት የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ መጥታ በጸሎት ቤቱ አዳራሽ ሴቶችን ሰበሰበች። የምታስተምረው ቀላል ነገር ነው። ልጅ የሚመታበት ቤት አብዛኛውን ጊዜ ሰው የራቀው ቤት ነው፤ ሳይብስ ግቡ፣ አትፍረዱ፣ አብራችሁ ተቀመጡ፣ የጎደለውን እዩ፤ ከባሰ ግን ልጁን አውጡና ለሕግ ንገሩ። ሉሚ ከፊት ተቀምጣ ትሰማ ነበር። የሰማችው ልቧ ውስጥ ገባ። በማግስቱ ሴቶቹን አስተባብራ ማኅበር አቋቋመች፤ ጎረቤቷ ቶናንግ፣ ቀልድ ካልተናገረች የሚያማት ወፍራም ሴት፣ የመጀመሪያዋ አባል ሆነች። ቀኑ ሲመሽ ሁለት ሁለት እየሆኑ ኑሮ የከበደው ቤት ይገባሉ። አንዷ ሕፃኑን ታጥባለች፣ አንዷ ድስት ትጥዳለች፤ አባትየው ሥራ ከፈታ ለባለ ጀልባ ይነግሩለታል፤ ከጠጣ ልጆቹን ይዘው ወጥተው ሲበርድለት ይመልሳሉ። ወንዶቹ “የወሬ ፖሊሶች” ብለው ስም አወጡላቸው። ቶናንግ ደግሞ፣ ፖሊስ ብንሆንማ ደመወዝ ይኖረን ነበር፣ ባሌም ይፈራኝ ነበር ትላለች።

ሥራውም ሠመረ። ሕፃን ልጇን በንዴት ስትነቀንቅ የነበረች ያልበሰለች እናት አጠገቧ አሮጊት ሴት ስትቀመጥላት ረጋች። በሚስቱና በልጆቹ ላይ ዱላ ያነሳ የነበረ ኮኮናት ለቃሚ ደጁ ላይ በየማምሻው ሁለት ሴት ሲያገኝ መጀመሪያ ተናደደ፣ ኋላ አፈረ፣ በመጨረሻም ወንበር ያወጣላቸው ጀመር። ሌሎች መንደሮች ሊያዩ መጡ። ሉሚ ተመሰገነች።

አንድ ቤት ብቻ ዘለሉ።

ወደ ባሕሩ ዳርቻ ሲወርዱ በአርሴንዮ ደጅ ነው የሚያልፉት። እዚያ ሲደርሱ የቶናንግ እግር ይዘገያል፣ ጨዋታዋም ይቆማል፤ ሉሚን ታያታለች። ሉሚ “ያ ቤት እርቅ ወርዶበታል” ትልና መንገዷን ትቀጥላለች። ሩዙን የበላች እሷ ራሷ ናታ! ሌላው ቢሻረው ይሻረው፣ የበላ አፍ እንዴት ይሽረዋል? አንዳንዴ ሪሳ በመስኮቱ ብቅ ብላ እጇን ታወዛውዝላቸዋለች። ሉሚም ታወዛውዝላታለች። እጅ ማወዛወዝ ክልክል አልነበረም።

አርሴንዮ ከእርቁ በኋላ ትንሽ ጊዜ ተሻለው። እውነት እንነጋገር፣ ሞክሯል። መረብ ሲጠግን ታይቷል። ከዚያ የዝናቡ ወራት ገባ፣ ባሕሩ ተቆጣ፣ የቀን ሥራ ጠፋ፣ ቱባው ተመለሰ። ሪሳ ትምህርት ቤት መቅረት ጀመረች። ሉሚ ይህን ሰማች። ካፒታኑን ደጅ ጠናች፤ እሱም፣ ማናይ፣ አንቺ ራስሽ በልተሻል፣ እኔ ምን ላድርግ ብሎ መለሳት። ተመለሰች። ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ አጣች፣ ቀን ቀን ግን የሰው ልጆች ታጥብ ነበር…

አንድ ዝናባማ ማምሻ ላይ ሉሚና ቶናንግ በዚያው መንገድ ሲያልፉ ከቤቱ ውስጥ የአርሴንዮን ጩኸት ሰሙ። ቀጥሎ የልጅቷን። ሁለቱም ቆሙ።

“ማናይ፣ እንግባ” አለች ቶናንግ።

ሉሚ ዝናቡ ላይዋ ላይ እየወረደ ቆመች። ምን ነበር ያቆማት? ወጉ? ሐሜቱ? የጎረሰችው ሩዝ? ከዚያ የልጅቷ ድምፅ ተቋረጠ። ከጩኸቱ ይልቅ ዝምታው አስፈራት። ያኔ ሮጠች።

ሪሳ ወለሉ ላይ ነበረች። ክንዷ ያለ ቦታው ዞሯል፣ ከጆሮዋ ደም ይወርዳል፤ ነፍሷ ግን አለች። አርሴንዮ ጥግ ላይ ተቀምጦ እጆቹን ያያቸዋል። ሉሚ ልጅቷን አቅፋ ወጣች፤ ቶናንግ ባጃጅ አስቁማ ጠበቀቻቸው፤ በአዲሱ ድልድይ ተሻግረው ከተማ ደርሰው ሪሳ ሐኪም እጅ ከገባች በኋላ ሉሚ በእርጥብ ልብሷ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ የእህቷን ባል ከሰሰች። በካንላያግ እርቅ ያፈረሰች የመጀመሪያዋ ሰው ሆነች።

መንደሩ ጀርባውን ሰጣት። ሱቅ ስትገባ ወሬ ይቆማል፤ በበዓል ቀን ሳህን የሚልክላት ቶናንግ ብቻ ሆነች። አርሴንዮ ታሰረ። ሪሳ ዳነች፣ ክንዷ ግን ጠምሞ ቀረ፤ አንደኛው ጆሮዋም ዳግመኛ አልሰማ አለ። ሉሚ ቤት ስትኖር ታዛዥ ልጅ ነበረች፤ የተሰጣትን ትበላለች፣ የተባለችውን ትሠራለች፣ አታለቅስም። “ቤታችን” ስትል ግን የዳርቻውን ቤት ማለቷ ነው። “ታታይ መቼ ነው የሚመጣው?” ብላ ስለ አባቷ ትጠይቃለች። ሉሚ ያን ስትሰማ በምሬት ታነባለች፤ ስለማን ብላ ነው ያን ሁሉ የሆነችው?

ከጊዜ በኋላ አርሴንዮ እስር ቤት ውስጥ ሳንባውን እንደታመመ፣ እንደማይተርፍም ተሰማ። ሉሚ ልትሄድ አልፈለገችም። ሄደች። ስትሄድ የምትናገረውን ቁጣ ሁሉ በመንገድ እያዘጋጀች ነበር፤ ስታየው ግን ከአጥንት በቀር የቀረ የለውም። ስሟን ጠርቶ ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀ።

“ማናይ፣ በየማምሻው ስታልፉ እሰማችሁ ነበር” አላት። “የቶናንግን ሳቅ እሰማለሁ። ዛሬ ይገባሉ እል ነበር። እናንተ ቤቴ ቁጭ ካላችሁ እጄ እንደማይነሳ አውቀው ነበር።”

“ታዲያ ምን ነበር ብትጠራን?”

“እርቁን በልቼ? በምን አፌ ልጥራ?”

ሉሚ ድምጿን ዝቅ አድርጋ “የመታው እጅ ያንተ ነው” አለች።

“የእኔ ነው። በማንም አላሳብብም።” ሳሉ ያዘው። ሲለቀው “ትሰማለች?” ብሎ ጠየቀ።

“በአንዱ ጆሮዋ።”

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በፔርላ ቀብር ያልወጣው ለቅሶ ያኔ ወጣ። ሉሚ ከአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ይቅር አላለችውም፣ ጥላውም አልሄደችም። የጉብኝት ሰዓት አልቋል እስኪሏት ድረስ እዚያው ቆየች። በሳምንቱ ሞተ።

ካፒታን ሞዴስቶ ለቀብሩ መጣ። ከቀብር መልስ ሕዝቡ ፊት ቆሞ፣ ከእንግዲህ የልጅ ነገር ሙዝ ቅጠል ላይ አይቀርብም አለ። ሌላ አልጨመረም። አንዳንዱ አጉረመረመ፣ ብዙው አንገቱን ደፋ። የሉሚ ማኅበር ዛሬ ደጅ አይመርጥም ይባላል፤ ደህና ነገር ነው፤ እንደ ሪሳ በመስኮት እጅ ያወዛወዘ ልጅ ካለ ገብተው ያዩታል። ለሪሳ ግን መሽቷል።

ለልጅቷ የነገረቻት ሉሚ ናት። በሚሰማው ጆሮዋ በኩል አስቀመጠቻት፣ ፀጉሯን ዳበሰቻት፣ ታታይ አርፏል አለቻት። ሪሳ አላለቀሰችም። ጠማማ ክንዷን በደህናው እጇ ይዛ ብዙ አሰበች።

“ስለዚህ አሁን እዚያ የሚመታኝ የለም?” አለች።

“የለም፣ ልጄ።”

“ታዲያ አሁን ወደ ቤታችን ልሂድ?”

ሉሚ ልጅቷን አቅፋ፣ ለእህቷ፣ ለዚያ ለተረገመ ሰውና ለራሷ አንድ ላይ አለቀሰች። የካንላያግ ሰዎች ይህን ታሪክ ሲያወሩ ዕድል ነው ይላሉ። ማዕበሉ ዕድል ነው፣ እሺ። የፔርላ ሞትም ዕድል ይሁን። ያን ደጅ እያዩ ማለፍን ግን ዕድል አላመጣውም፤ ሉሚም ዕድል ነው ሲሏት ሰምታ አንድም ቀን እሺ ብላ አታውቅም። የዳርቻው ቤት በቀጣዩ ዝናብ ጣሪያው ወደቀ፤ ሪሳም ጥያቄዋን ዳግመኛ አልጠየቀችም።