እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት

ጠዋት ሲከፈት ደህና ነው፤ አመሻሽ ላይ ብራውዘሩ ድርቅ ይላል። ልጅቷ ደውላ የነገረችው ይህንን ብቻ ነበር። ኮምፒውተር ጠጋኙ ግን በሥራው ላይ ስድስት ዓመት የቆየ ሰው ነውና «አመሻሽ» የምትለውን ቃል ማስታወሻው ላይ ጽፎ አሰመረባት። ማሽን ሰዓት አይቶ አይታመምም። ሰዓት የሚያይ ሰው ነው።

ማክሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የዕቃ ቦርሳውን አንግቶ ሦስተኛ ፎቅ ወጣ። በሩን የከፈተችለት የደወለችው ልጅ ራሷ ናት፤ የላቦራቶሪ ባለሙያ። ከሆስፒታል መግባቷ ስለነበር ነጩ ጋውን ክንዷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው።

«ኢንጅነሩ አንተ ነህ?»

«ኢንጅነር የሚሉኝ ማሽኑ ሲሠራ ነው። ካልሠራ ሌላ ስም አላቸው።»

ሳቀች። ሳቋ አጭር፣ የቸኮለ ሰው ሳቅ ነበር።

ኮምፒውተሩ ሳሎን ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ባለች ጠባብ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። እናትየው ሶፋው ጥግ ላይ ሹራብ እየሠሩ፣ ከመነጽራቸው በላይ አዩት። ጡረታ የወጡ የስልክ ኦፕሬተር ናቸው።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ከሰው ሳገናኝ ነው ያረጀሁት» አሉ። «የኛ ማሽን አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ያለ አመል አላሳየንም።»

«እማ፣ ተይው ይሥራበት» አለች ልጅቷ። ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። «የትምህርት ዕድል ፎርም ነው። ሁለት ዓመት፣ ውጭ አገር። ዓርብ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ስታክ ያደርጋል፤ መልሼ ስከፍተው ከሀ ያስጀምረኛል። አራት ጊዜ ሞላሁት። አሁንማ የትውልድ ቀኔን እጄ ብቻውን ይጽፈዋል።»

«የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተርስ?»

«የውጭ ገጽ አይከፍትም። ዘግተውታል።»

ዲስኩን ፈተሸ፤ ጤነኛ ነው። ቫይረስ ፈለገ፤ የለም። ማሽኑ ፍተሻውን እስኪጨርስ ዝም ብሎ መቀመጥ ነበረበት። ዝም ብሎ መቀመጡ ከበደውና ምን ልትማር እንደሆነ ጠየቃት።

«የሕፃናት የደም በሽታ» አለች። «አንዳንዱን ናሙና ማይክሮስኮፕ ሥር አስቀምጬ አየዋለሁ፤ ችግር እንዳለበት አያለሁ። ግን ስሙን አላውቀውም። እናቲቱ ኮሪደር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ‹ውጤቱ አልታወቀም› ብዬ ወረቀት እሰጣታለሁ።» ጣቶቿን አየች። «ይህንን ወረቀት መስጠት ሰልችቶኛል።»

ተነሥታ ውሃ አመጣችለት፤ ሲቀበላት ጥቂት ውሃ ጉልበቱ ላይ ፈሰሰ።

ከዚያ የማሽኑን የሜሞሪ ፍጆታ ከፍቶ አየ። አፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። የሞላው ግን በልጅቷ አካውንት አይደለም። ከጀርባ ሌላ አካውንት ተከፍቶ ቀርቷል፤ ስሙ «እማ» ይላል። ከሶፋው በኩል ሲንቀሳቀስ የቆየው የሹራብ መርፌ ቆመ። ጠጋኙ ዘወር አላለም፤ መቆሙን ግን ሰማ።

«ነገ ቀን ላይ መጥቼ፣ በሚበላሽበት ሰዓት ልየው» አለ።

«እኔ ሥራ ነኝ። እማ አለችልህ።»

ረቡዕ በሩን የከፈቱለት እናትየው ናቸው። «ትናንት እንዳየኸው አውቄአለሁ» አሉና ማሽኑ ፊት ተቀምጠው በራሳቸው አካውንት ገቡ።

ሰባ ሦስት ገጽ ተከፍቷል። የዚያ አገር ብርድ ስንት ይደርሳል። ብቻዋን የምትኖር ሴት ልጅ። ሄደው ያልተመለሱ ተማሪዎች። በረዶ የወረሰው አውራ ጎዳና፣ ድምፁ የጠፋ ቪዲዮ፣ ማንም ሳያየው ይሄዳል። ሴትየዋ ልጃቸው ሥራ በዋለች ቁጥር ሲያነቡ ይውላሉ፤ ልትመጣ ስትል ገጹን ወደ ታች ያወርዱና ወደ ልጅቷ አካውንት ይመልሱታል።

«ለምን አይዘጓቸውም?»

«አንድ ጊዜ መዝጊያዋን ኤክስ ተጭኜ የጻፈችውን አጠፋሁባት። ‹እማ፣ ሁለተኛ ኤክስ እንዳትነኪ› ብላኛለች። አልነካሁም።»

ሳቁ አመለጠው፤ ወዲያው ግን ቆመ። ሴትየዋ መነጽራቸውን አውልቀው በሻርፓቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ነበር።

«እንዳትሠራው ልጄ» አሉ። «እስከ ዓርብ ብቻ። ከዚያ በኋላ እንዳሻህ አድርገው።»

«እማማ፣ ይሄማ…»

«ከኔ ሌላ ማንም የላትም፤ እኔም ከሷ ሌላ። ደግሞ አንተም ብትሆን አይቼሃለሁ። ትናንት ብርጭቆውን ስታቀብልህ እሷን እያየህ ነው ውሃ ጉልበትህ ላይ ያፈሰስከው። ከቀረች ለኔም ለአንተም ናት።»

የዚያን ጊዜ እምቢ ማለት ነበረበት። ያውቀዋል። «ላስብበት» ብሎ ወጣ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ልጅቷ ደወለች። ከድምፅዋ ጀርባ የኮሪደር ጫጫታ አለ። ጠጋኙም የሚመልስላትን ሳያዘጋጅ ስልኩን አነሣው።

«ቫይረስ ሳይሆን አይቀርም» አለ። «ፋይሎችሽን ወደ ሌላ ማሽን እንዳትወስጂ፤ እዚያም ይበላሻል። ዓርብ በጠዋት መጥቼ እጨርሰዋለሁ።»

«ዓርብ? ይደርሳል?»

«ይደርሳል።»

«እሺ» አለች፤ «አምኜሃለሁ።»

ሐሙስ ሱቁ ውስጥ አብሮት የሚሠራው ባልደረባው፣ ከቅጥነቱ የተነሣ «ሽቦ» የሚሉት ሰው፣ ቀና ብሎ ሲያየው ቆየ።

«ምን ሆነሃል አንተ? ፍላሹን ሦስት ጊዜ ገልብጠህ ልትሰካው ሞከርክ። አፍቅረሃል ወይስ ታመሃል?»

«ዋሽቻለሁ።»

«ለማን?»

«ለደንበኛ።»

«ውይ! እኔ ደግሞ ሰው ገደልክ ብዬ…»

«የምወዳት ናት።»

ሽቦ ሳቁን ዋጠ። መፍቻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «እሱ ሌላ ነው» አለ። ቀኑን ሙሉም አልቀለደበትም።

ዓርብ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ደረሰ። ልጅቷ ከሥራ ፈቃድ ወስዳለች። እናትየው ከኩሽናው በር ላይ ቆመው ዓይን ዓይኑን ያዩታል። ጠጋኙ አላያቸውም። በእናት አካውንት ገብቶ ሰባ ሦስቱንም ዘጋ፤ ከአካውንቱም ወጣ። አሥር ደቂቃ አልሞላም።

ማሽኑ እንደ አዲስ ሆነ። ልጅቷ ፎርሙን ሞላች፤ አንደኛው ገጽ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ሦስተኛውን ስታልፍ ክንዱን ያዝ አደረገችው። የያዘችው ሳታስበው ነበር፤ እሱ ግን ክንዱን ማንቀሳቀስ ፈራ።

አራተኛው ገጽ ተከፈተ። የሥራ ኃላፊዋ የድጋፍ ደብዳቤ የሚልክበት ሊንክ አሁን ለራሱ ለኃላፊው እንደተላከ ይገልጻል። ሌሎቹ ሁለት ደብዳቤዎች በእጇ አሉ፤ ይሄኛው ግን ሦስተኛው ገጽ ሳይሞላ እንደማይላክ ማንም አልነገራትም ነበር።

ለኃላፊዋ ደወለች። ዝግ ነው። ለኃላፊው ጸሐፊ ደወለች።

«መስክ ወጥተዋል» አለች ጸሐፊዋ፤ ድምፅዋ ለጠጋኙም ይሰማል። «ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የወጡት። ኔትወርክ የሌለበት ነው፤ ከነገ በፊት አያገኙአቸውም።»

ስልኩን ቀስ ብላ አስቀመጠችው። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አራት ተኩል ይላል። ደግማ ደወለች፤ ዝግ። ደግማ። በአምስተኛው እጇን ጭኗ ላይ ጣለችው። የጠጋኙን ፊት አየችና፣ መከፋቱን ስታይ፣ እሱኑ ማጽናናት ጀመረች።

«ያንተ ጥፋት አይደለም» አለችው። «ምን ታደርግ? ቫይረስ ነው።»

ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

«ቫይረስ የለም» አለ። «አልነበረም። ችግሩን ረቡዕ አግኝቼዋለሁ። የዚያኑ ቀን ልሠራው እችል ነበር።»

«አልገባኝም።»

«ዋሸሁሽ።»

«ለምን?»

«እንዳትሄጂ።»

ታች መንገዱ ላይ አንድ መኪና ጡሩምባውን ነፍቶ አለፈ። እናትየውን አንድ ቃል አላነሣባቸውም፤ ሊያነሣም አላሰበም። ሴትየዋ ግን ከኩሽናው በር ወጥተው መሐላቸው ቆሙ።

«እኔ ነኝ ያልኩት። እኔ ነኝ የለመንኩት ልጄ። እሱን አትይው፣ የዋሸሽ እሱ አይደለም።»

«እሱ ነው እማ» አለች ልጅቷ። ድምፅዋ አልጮኸም። «አንቺ ብትፈሪ እናቴ ነሽ፤ ለመንሽው። እሱ ግን ስደውልለት ስልኩን አንሥቶ በገዛ አፉ ዋሸኝ። እኔም አመንኩት።»

አምስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ፎርሙን በሁለት ደብዳቤ ብቻ ላከችው። ከዚያ ቦርሳውን ከወለሉ ላይ አንሥታ ሰጠችው።

ጠጋኙ ደረጃውን የወረደው የግድግዳውን ቀለም እየዳበሰ ነው። በሳምንቱ ደወለ፤ አላነሣችም። ሁለተኛ አልደወለም። መደወል መብቱ እንዳልሆነ ተሰማው። ቤቱ ማሽን የተበላሸበት ሰው ሁሉ ሲጠራው ግን አንድ ልማድ አወጣ፤ ምን እንዳገኘ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ገና ከመቀመጫው ሳይነሣ ይናገራል። «ይሄ ልጅ ንስሐ ገባ እንዴ?» ይላል ሽቦ።

በሁለተኛው ወር መጨረሻ ሱቁ ድረስ መጣች። ሽቦ አንድ ጊዜ አያትና «ሻይ ልጠጣ» ብሎ ወጣ፤ የያዘውን ሻይ ጠረጴዛው ላይ ትቶ።

«መልስ መጣ» አለች። «ማመልከቻዬ አልተሟላም። ሦስተኛው ደብዳቤ።»

«በኔ ሁለት ቀን ነው።»

«አዎ፤ በአንተ ሁለት ቀን ነው። ደስ እንዲልህ ብዬ ‹አይደለም› አልልህም።» በጣቷ የባንኮኒውን መስታወት ጠረገች። «ልጠላህ ሁለት ወር ሞከርኩ። በጣም ነው የሞከርኩት። ኮሪደሩ ላይ ያንን ወረቀት ለሰው በሰጠሁ ቁጥር አንተን እረግማለሁ። ከዚያ ማታ ተኝቼ፣ ያ ሰው እማን ሳይከሳት ብቻውን ጥፋቱን ተሸከመ እላለሁ። ደከመኝ።»

«ምን ላድርግ?»

«በሚቀጥለው ዓመት እንደገና እሞላዋለሁ። አጠገቤ ትቀመጣለህ። የምታየውን ሁሉ፣ ባየህበት ሰዓት ትነግረኛለህ። ያማል ብለህ አታስቀርም።»

«አሁን የማየውንም?»

ጆሮዋ ቀላ። «እሱን እንኳ ቀስ ብለህ» አለች።

ዓመቱን ሁሉ ቀስ ብሎ ነገራት። ቅዳሜ ቅዳሜ ይሄዳል። እናትና ልጅ አሁን አንድ አካውንት ነው ያላቸው፤ የይለፍ ቃሉን ሁለቱም ያውቁታል። የብርዱን ነገር፣ ብቻዋን የምትኖረውን ሴት ነገር፣ ሦስቱም አንድ ላይ ተቀምጠው ያነባሉ። አንዳንዱ ላይ ይስቃሉ፤ አንዳንዱ ላይ እናትየው ተነሥተው ኩሽና ይገባሉ፤ ማንም አይከተላቸውም። አንድ ቀን እሱና ልጅቷ ከቤት ሲወርዱ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ መብራቱ በተቃጠለበት ደረጃ፣ ቆመች። እሱም ቆመ። ብዙ ሳይነጋገሩ ቆይተው ወረዱ፤ ታች ሲደርሱ ሁለቱም የት ሊሄዱ እንደነበር ጠፍቷቸው ነበር።

ፎርሙ በዚያ ዓመት ከሦስት ደብዳቤ ጋር፣ ቀነ ገደቡ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ተላከ።

ከሁለት ወር በኋላ፣ በአንድ ሰኞ ረፋድ፣ የሱቁ ስልክ ጮኸ። እናትየው ናቸው።

«ልጄ፣ መጣ» አሉ። «ከፍቼ አነበብኩት። ተቀብለዋታል።»

ጠጋኙ በእጁ የያዘውን ዕቃ አስቀመጠ። ምን እንደያዘ እንኳ በኋላ አላስታወሰውም።

«እሷ ሥራ ላይ ናት። አላየችውም» አሉ ሴትየዋ። ሲተነፍሱ ይሰማዋል። «ካጠፋሁት ማንም አያውቅም። አንተ ብቻ ነህ የምታውቀው። ለአንተ የደወልኩት ለዚህ ነው። አሁን ብቻዬን መሆን አልችልም።»

ልቡ አንድ ነገር አለው። ያንን ነገር ሰምቶ አሳለፈው።

«እማማ» አለ፤ «እርስዎ ይንገሯት። ከእርስዎ አፍ ትስማው። እኔ መስመሩ ላይ ልቆይና ሌላ ስልክ ላይ ይደውሉ።»

ቆየ። በሩቁ የሞባይል ቁልፍ ሲነካ፣ ሲጠራ፣ ከዚያም የእናትየው ድምፅ ሲንቀጠቀጥ ሰማ፤ «የኔ ቆንጆ፣ ተቀብለውሻል። አዎ፣ አንብቤዋለሁ። አዎ፣ ሁለቴ አነበብኩት። አላለቅስም፤ አንቺም አታልቅሺ፣ ሥራ ቦታ ነሽ።»

ጠጋኙ ሱቁን ለሽቦ ትቶ ሮጠ። ሆስፒታሉ ደረጃ ላይ አገኛት፤ ጋውኗን እንደለበሰች፣ ሰው ሲወጣና ሲወርድ፣ መሐል ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ ረጥቧል። ስታየው አልተነሣችም፤ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችለት።

«እማ ነገረችኝ» አለች። «ራሷ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ሁለት ዓመት ነው።»

«ሁለት ዓመት ነው።»

«ቅር የሚልህ ነገር ካለ አሁን ንገረኝ። በኋላ አልሰማህም።»

«በጣም ቅር ይለኛል» አለ። «ሂጂ።»

ዶክተሮች በአጠገባቸው ያልፋሉ፤ አብረዋት የሚሠሩት ከላይ ሆነው ያያሉ። እጁን ይዛ ጋውኗ ኪስ ውስጥ፣ ከራሷ እጅ ጋር አስገባችው። የእረፍቷ ሰዓት እስኪያልቅም አላወጣችውም።