በመቀነት የታሰረ ውሃ

በ፲፱፻፷፯ ዓ.ም. በዐቢይ ጾም ወራት፣ ከመካነ ሰላም በታች የሚወርደው ወንዝ ላዩ ደርቆ ነበር። ውሃው ግን አልጠፋም፤ ከአሸዋው ሥር ገብቶ በዝግታ ይሄድ ነበርና ሰው ሁሉ አሸዋውን እየቆፈረ ይቀዳ ነበር።

የመሪጌታ ኃይለ ማርያም ልጅ ፈንታዬ፣ በረሃቡ የሞተችው እኅቷ ይርገዱ ትታላት የሄደችውን ሕፃን ታሳድጋለች። ሕፃኗ እንቁ ትባላለች። ተቅማጥ ይዟት ከርሞ ገና ማገገሟ ነበር። ስለዚህ ፈንታዬ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ጉድጓድ ውሃ በቀዳች ቁጥር ልቧ ይፈራል። ከጉድጓዱ ከፍ ብሎ የረሃብተኞች መጠለያ አለ፤ ከመጠለያውም በየማለዳው ሬሳ ይወጣል።

አንድ ጧት፣ አንድ ወጣት ከመጠለያው ሥር አሸዋ ቆፍሮ ጨው ሲደፋ አየችው።

«ወንድሜ፣ ሰው ጨው ከቀመሰ ስንት ጊዜው ነው። አንተ ለአሸዋ ታበላለህ?»

ወጣቱ ቀና አለ። መልአኩ ይባላል፤ በእድገት በኅብረት ዘመቻ የመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ትምህርቱ ስለ ውሃና በውሃ ውስጥ ስለሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ነበር።

«አሸዋው አይበላውም፤ ያሻግርልኛል። ጨዉ ነገ በአንቺ ጉድጓድ ከተገኘ፣ የመጠለያው እድፍም ወደዚያው ይደርሳል ማለት ነው።»

«ካልተገኘስ?»

«ያን ጊዜ ስድብሽ ተገቢ ነበር እላለሁ።»

በማግስቱ ከጉድጓዷ ውሃ ቀድቶ ጨው መኖሩን የሚያሳይ የመድኃኒት ጠብታ ጨመረበት። ከጨዉ በፊት በዚሁ ጠብታ ያልተለወጠው ውሃ አሁን እንደ አጓት ነጣ። የፈንታዬ ዐይን ከውሃው ወደ እርሱ፣ ከእርሱ ወደ ውሃው ተመላለሰ።

«ትናንትም አጠጥቻታለሁ» አለች በመጨረሻ።

መልአኩ አካፋውን አነሣ። ከመጠለያው በላይ፣ ወንዙ በሚታጠፍበት ስፍራ፣ እየተፈራረቁ አዲስ ጉድጓድ ቆፈሩ። ከቀትር በኋላ ውሃው ኩልል ብሎ ወጣ።

«ይኸው ጠራ» አለች።

«መጥራቱ ንጹሕ መሆኑን አያስረዳም። እስኪመረመር ድረስ አፍልተሽ አጠጫት።»

«በምን አንድጄ? ከብቱ አልቆ ኩበት ከየት ይመጣል? የቀረን እስከ ዓርብ ቢያደርሰን ነው።»

መልአኩ ከሁለቱ ጉድጓዶች ውሃ ወስዶ፣ ቀድሞ ከተዘጋጀ ፈሳሽ ጋር በሁለት ብልቃጦች ከደነ። በታችኛው ጉድጓድ ብልቃጥ ላይ ቀይ ክር፣ በላይኛው ላይ ነጭ ክር አሰረ። ብልቃጦቹ እስከ ዓርብ ማታ ከሰውነት ሙቀት መለየት የለባቸውም። ከእድፍ የመጡ ተሕዋስያን ካሉ በሙቀቱ ተራብተው አረፋ ያወጣሉና፣ ያን ጊዜ አረፋ የቋጠረው የተበከለ ነው። በሆዱ ላይ አሰራቸው።

በማግስቱ ሐሙስ ጧት ፈንታዬ ወደ ዘማቾቹ ቤት ስትሄድ መልአኩን በንዳድ ተይዞ አገኘችው፤ አንድ ጊዜ ይግላል፣ አንድ ጊዜ ይንቀጠቀጣል።

«ብልቃጦቹ ሊቀዘቅዙ ነው» አላት። «ለሌላ ምርመራ የሚበቃ ፈሳሽ የለኝም። ሰኞ ደግሞ መኪናው ወደ ሌላ ጣቢያ፣ ወደ ወግዲ ይወስደናል።»

«ስጠኝ።»

«በሆድ ላይ ነው የሚታሰረው።»

«ሰማሁ።»

ፊቷን አዙራ በመቀነቷ አሰረቻቸው። ብልቃጦቹ ከእርሱ ሰውነት በወሰዱት ሙቀት ገና ይሞቁ ነበር።

ያን ቀን ፈንታዬ እንስራ አላዘለችም፤ እጇን ከሆዷ ሳትለይ በእርጋታ ትራመድ ነበር። ጎረቤቷ እመት ሸዋረግ መንገድ ላይ አቆሟት።

«ምነው ልጄ፣ ሆድሽን ትደግፊያለሽ? ጾሙ አወፈረሽ?»

«ቁርጠት ነው፣ እመት።»

«ዘማቾቹ ከመጡ ወዲህ ቁርጠት በዛ።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ወሬው ከመሪጌታ ኃይለ ማርያም ዘንድ ደረሰ። መሪጌታ ዘማቾችን አይወዱም፤ የቤተ ክርስቲያኑን መሬት የወሰደውን ዐዋጅ በደጀ ሰላሙ ፊት ያነበቡት እነርሱ ናቸው። ልጃቸውን በፊታቸው አቆሟት።

«በሆድሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

መቀነቷን ፈታች። «የእንቁ ውሃ ነው፣ አባቴ። ንጹሕ መሆኑ እንዲታወቅ እስከ ነገ ማታ መሞቅ አለበት።»

«ማን ሰጠሽ?»

«መልአኩ የሚባለው ዘማች።»

«ምንሽ ነው?»

ፈንታዬ ዐይኗን ወደ መሬት ጣለች። መዋሸት ቀላል ነበር፤ አልዋሸችም። «እንደ ውሃው ነው። ገና አላወቅሁትም፤ እየጠበቅሁ ነው።»

«ለእመት ሸዋረግስ ምን አልሽ?»

«ቁርጠት ነው አልሁ።»

«በዚህ በደልሽ። እውነቱን ብትናገሪ ኖሮ ሐሜቱ መነሻ አያገኝም ነበር።»

በዚህ መካከል እንቁ አለቀሰች። መሪጌታ ወደ ምድጃው ተመለከቱ፤ ከመጨረሻዎቹ ኩበቶች አንዱ ዐመድ ሊሆን ተቃርቧል። እጃቸውን ዘረጉ።

«ያልተዳረች ልጄ የወንድ አደራ በሆዷ አትሸከምም። አምጪው።»

ኩታቸውን ገልጠው ብልቃጦቹን በእርሷው መቀነት በራሳቸው ሆድ ላይ አሰሩ።

በማግስቱ ዓርብ ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያን ሲሰግድ፣ ስግደት አጓድለው የማያውቁት መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመው ዋሉ። ጎንበስ ቢሉ ብልቃጦቹ ይሰበራሉ። እመት ሸዋረግ የእርሳቸውን እጅ ከሆዳቸው ላይ ባዩ ጊዜ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

ቀኑ ሲያዘነብል መሪጌታ ወደ ዘማቾቹ ቤት ገቡ፤ ፈንታዬ እንቁን ታቅፋ ከበሩ ቆመች። ንዳዱ የለቀቀው መልአኩ ደንግጦ ከመደቡ ሊነሣ ሞከረ።

«ተቀመጥ። አደራህን ተረከብ» አሉት፤ መቀነቱንም ፈቱ።

ቀይ ክር ያለበት ብልቃጥ አረፋ ቋጥሮ ነበር። ነጭ ክር ያለበትን መልአኩ ወደ በሩ ብርሃን አነሣው፤ አዘነበለው፤ እንደገና አቀናው። ፈንታዬ የሕፃኗን ራስ በመዳፏ ሸፍና የእርሱን ዐይን ብቻ ትመለከት ነበር። ኩበቱ ጧት አልቆ ነበር። እንቁ ከዚያ ወዲህ ውሃ አልቀመሰችም።

«የለም» አለ። «አረፋ የለበትም። ከላይኛው አጠጫት።»

መሪጌታ በረጅሙ ተነፈሱ። «የታችኛውን ዛሬውኑ አስደፍናለሁ፤ የመጠለያው ሰዎችም ከላይኛው እንዲቀዱ ራሴ እነግራለሁ።» ከዚያም ወደ መልአኩ ዞሩ። «የውሃው ነገር አለቀ። ስለ ልጄ የምትለው ካለህ ግን ከሰኞ በፊት ሽማግሌ ላክ።»

«እዚህ አገር ዘመድ የለኝም፣ መሪጌታ።»

«ፈልግ እንጂ። እኔው ሽማግሌ ሆኜ ወደ ገዛ ቤቴ አልመጣልህም።»

ይህን ብለው ወጡ። መቀነቱ ከመደቡ ላይ ቀርቶ ነበር። መልአኩ በሁለት እጁ አንሥቶ ለፈንታዬ ዘረጋላት። ተመለከተችው፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ረጅም ጊዜ ተመልክታው አታውቅም። መቀነቱን ግን አልተቀበለችም።

«ሽማግሌዎቹ ይዘውት ይምጡ» አለችና፣ እንቁን አቅፋ ወደ ላይኛው ጉድጓድ ፈጥና ሄደች።