ከወረቀቱ የጎደለው ትእዛዝ

የልብስ ማጠቢያው ድርጅት የቦይለር ሠራተኛ ክዳኑን በከፈተበት ቅጽበት እንፋሎቱ መትቶ ገደለው። በዚያ ማሽን ላይ ሲሠራ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። «የራሱ ችኮላ ነው» ብለው ነገሩን ሊዘጉት ሲሉ ታላቅ እህቱ፣ የድርጅቱ ጽሑፍ አራሚ፣ አሻፈረኝ አለች።

«ወንድሜ ያልታዘዘውን አይነካም። መርማሪ ካልመጣ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።»

መርማሪው መጣ። አጭር፣ ድምፀ ቀጭን ሰው ነው። ቦይለሩን ትቶ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን መመሪያ በጣቱ እየተከተለ አነበበ፤ «ቫልቩን ዝጋ፣ ፣ ክዳኑን ክፈት።»

«ይህን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ» አለ ኢንጂነሩ። «ግን እንዲህ አልጻፍኩም። መሃል ላይ ‹የግፊት መለኪያው መርፌ ዜሮ እስኪነካ ጠብቅ› የሚል ነበረበት። ማስጠንቀቂያ ሁልጊዜ በእነዚህ < > ምልክቶች ነው የማጥረው።»

«አንተስ?» አለ መርማሪው ወደ አታሚው ዞሮ።

«እኔ የመጣልኝን አትማለሁ፣ ጌታዬ» አለ አታሚው። «አንብብ ብሎ የቀጠረኝ የለም።»

«ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል» አለች እህትየው፣ ጠረጴዛው ላይ የተዘበራረቁትን ወረቀቶች ጠርዝ ለጠርዝ እያስተካከለች።

«እትዬ፣ እኔን ይተዉኝ» አለ አታሚው።

መርማሪው እጆቿን አየ።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ቢሮ ሰበሰባቸው።

«ኢንጂነሩ አልዋሸም። የመጀመሪያው ጽሑፍ ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ። ከምልክቶቹ ፊት ወደ ኋላ የተጋደመች ሰረዝ ነበረች፤ እንዲህ፣ \<። እሷ ከሌለች ገጹን የሚያዘጋጀው ፕሮግራም በምልክቶቹ መሃል ያለውን ‹የራሴ ትእዛዝ ነው› ብሎ ይውጠዋል። ለኅትመት በተላከው ላይ ግን ሰረዞቹ የሉም። አንድ ሰው ለቅሞ አጥፍቷቸዋል።»

«አታሚው ነዋ» አለች እህትየው።

«አይደለም። እሱ ጋ የሚደርሰው ያለቀለት ገጽ ነው፤ እንደ ፎቶ፣ ፊደል አይነሳለትም። ያጠፋው ሰው ጠንቃቃ ነው፤ በሰባት ገጽ ውስጥ አንድ ትርፍ ክፍተት አልተወም። እንዲህ ያለ ሰው ግድግዳው ላይ ያሉትን ሁለት ነጠላ ሰረዞች ጎን ለጎን አይቶ አያልፍም። ያለፈው ጎን ለጎን ስላላያቸው ነው። ሲያርም ማስጠንቀቂያው በመሃላቸው ነበር። የተዋጠው ከዚያ በኋላ፣ ገጹ ሲዘጋጅ ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬ፣ የተጋደሙት ሰረዞች ምን መሰሉዎት?»



«ቆሻሻ» አለች። « የጣት ስህተት መሰለኝ። የወንድሜ ማሽን መሆኑን ሳውቅ ደግሞ… ከሌላው ሁሉ አብልጬ ነው ያጸዳሁት።»

ኢንጂነሩ አቀረቀረ። «መንገር ነበረብኝ። ሁሉም ያውቃል ብዬ…»

አልሰማችውም። «ወንድሜስ?» አለች መርማሪውን። «ጥፋት አለበት?»

«የለበትም። የታዘዘውን ብቻ ነው ያደረገው።»

«እንደሱ ብለው ይጻፉልኝ።»

እጇ ከልማዷ መርማሪው ፊት ወዳሉት ወረቀቶች ሄደ፤ አንዱ ተንጋዷል። ሳይነካው ተመልሶ ጭኗ ላይ ወደቀ።