መብራት ሲጠፋ ያልጠፋው ኮምፒውተር

እኔ እኮ መንፈስ፣ ጥላ፣ የሞተ ሰው ድምፅ ምናምን ሲባል ከት ብዬ የምስቅ ሰው ነኝ፣ የሚያውቁኝ ሁሉ ይመሰክራሉ። ፒያሳ ኬክ ቤት ባንኮኒ ላይ ቆሜ ስሠራ ያልሰማሁት ወሬ የለም፣ አንዱ ማኪያቶውን እያማሰለ ነጭ የለበሰች ሴት መኪናዬን አስቁማ መንገድ ላይ ጠፋችብኝ ይላል፣ ሌላዋ ደግሞ የሟች አክስቴ ስሊፐር ኮሪደር ላይ ብቻውን ሲራመድ ይሰማኛል ትላለች፣ እኔም "ብቻውን ከተራመደ ታዲያ ለምን ዳቦ አትልኪውም?" እያልኩ ሙድ እይዝባቸው ነበር። ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ሰምታችሁ ብትስቁብኝ አልቀየምም፣ የእጄን ነው ያገኘሁት። ግን ማርያምን፣ አንድ ቃል አልጨመርኩበትም።

ባለቤቴ ግርማ ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ማመልከቻና የሰርግ ካርድ የሚጽፍባት ጠባብ ሱቅ ነበረችው፣ ቤት ውስጥ ያለውን ኮምፒውተር ደግሞ ከዚህም ከዚያም ዕቃ ለቃቅሞ በገዛ እጁ ነው የገጣጠመው። "አሮጊቷ" ነበር የሚላት። ቀስ ስትልበት የቀለበት ጣቱን አጥፎ ጎኗን ቋ ቋ ያደርግና "አይዞሽ የኔ አሮጊት፣ ትንሽ ነው የቀረሽ" ይላታል፣ እመኑኝ፣ ለእኔ እንደዚያ ለስልሶ አናግሮኝ አያውቅም! ልጃችን ቤዛ የሕንፃ ንድፍ ተምራ ስትመረቅ የምትሠራበት ፕሮግራም ዊንዶውስ ሰባት ላይ አልከፈትም አለ፣ ግርማም "ቅዳሜ ቁጭ ብዬ ወደ አስር አሳድግልሻለሁ" ብሎ ቃል ገባላት። ሐሙስ ዕለት ሱቁ ውስጥ ደረቴን አለ፣ ሆስፒታል ሳይደርስ አረፈ።

ከዚያ በኋላ አሮጊቷን ዳንቴል አልብሰን ጥግ ላይ ተውናት። ቤዛም አብራት የተሸፈነች ነው የምትመስለው፣ ሥራ ማመልከት ተወች፣ ጓደኞቿ ሲደውሉ ተኝታለች በይልኝ ትለኛለች፣ ዲግሪዋ እንኳ አራት ኪሎ ጓደኛዋ ቤት ቀርቶ አላመጣችውም። ዓመት አለፈ። እናት የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፣ ልጅ ፊታችሁ ላይ ስትደበዝዝ እያያችሁ ዝም ማለት ምን እንደሆነ፣ አንጀቴ ተቃጥሎ ነበር።

በሚያዝያ ነው እግዜር የተመለከተን። አንድ የዲዛይን ቢሮ "ይህን ንድፍ ቤትሽ ሆነሽ ሠርተሽ ሰኞ ጠዋት ዲግሪሽን ይዘሽ አስረክቢን፣ ከወደድነው ትቀጠሪያለሽ" አላት። ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ፀጉሯን ስትሠራ አየኋት። ላፕቶፕ የለን፣ የሚያውሰን የለ፣ የቀረችው አሮጊቷ ብቻ ናት። ባለሙያ ጠርተን አሳየነው፣ ገና ከበሩ ሳይገባ "ፎርማት ይደረግ" አለ። እዚህ አገር ኮምፒውተር ቢያስነጥሰውም መድኃኒቱ ፎርማት ነው። ቤዛ ግን አይሆንም አለች፣ የአባቷ ሥራ፣ ፎቶዎቹ፣ ያስቀመጣቸው ሁሉ እንዳለ ሳይነካ ከላይ ማሳደግ ይቻላል ብላ አዲሱን ዊንዶውስ ከጓደኛዋ በፍላሽ አመጣች። "አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈራው እማዬ" አለችኝ፣ "መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ሰባቱም አስሩም የለም፣ ሁለቱንም አጣን ማለት ነው።"

የኛ ግቢ ጊዮርጊስ ጀርባ ነው፣ አምስት ቤት በአንድ ቆጣሪ። አንዱ ስቶቭ ሌላው ካውያ ከሰካ በኛ መስኮት ሥር ያለው ብሬከር ዷ ብሎ ይወድቃል፣ ከዚያ ማነው የጣለው እየተባባልን በር ላይ መጨቃጨቅ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ በየበሩ ዞሬ ለመንኩ፣ "ዛሬ እባካችሁ ምንም ከባድ ነገር እንዳትሰኩ፣ የቤዛ ኮምፒውተር እያደገ ነው።" ሁሉም እሺ አለኝ። የግቢያችን በር ላይ ልብስ የሚሰፉት ጋሽ ሽኩር ደግሞ ገና ሳልጨርስ "ትግስቴ፣ ለቤዛ ነው አይደል? እንግዲያው ዛሬ የኤሌክትሪኩን ካውያ አልነካም፣ የጥንቱን የከሰል ካውያ አውጥቼ በሱ እተኩሳለሁ" አሉኝ። ሙሽራ ሱፉን ይጠብቅ ነበር፣ ሚያዝያ አይደል፣ የሰርግ ወር።

ቤዛ አስጀመረችውና ዲግሪዋን ልታመጣ አራት ኪሎ ሄደች። ስትወጣ "እማዬ፣ ቁጥሩ ይጨምራል፣ ስክሪኑ ይጠቁራል ተመልሶ ይበራል፣ እንዳትደነግጪ፣ ደግሞ እንዳትነኪው" አለችኝ። "ምን ልነካው፣ እንደ ሽሮ ይገነፍላል ብዬ?" አልኳት። ሳቀች። በመሳቋ ደስ ብሎኝ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ መጠበቅ ጀመርኩ።

ዝናቡ ጀመረ። ከሰዓት በኋላ ሆኖ ሰማዩ ስለጠቆረ ቤቱ ጨለምለም አለ፣ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የጎረቤት ሬዲዮ እንኳ በቅጡ አይሰማም። ቁጥሩ አርባ ምናምን ላይ ደርሶ ቀጥ አለ። አየዋለሁ፣ አይነቃነቅም። ሲጨንቀኝ "አንቺ አሮጊት፣ ምነው አሁን?" አልኳት፣ ምን እንዳናገረኝ እንጃ።

ቋ፣ ቋ።

ከጎኗ ነው የመጣው። የውስጡ ዕቃ ነው አልኩ፣ ያረጀ ነገር መቼም ይንቋቋል፣ ቁጥሩ ግን ወዲያው አንድ ጨመረ፣ ደግሞ ጨመረ። ትንሽ ቆይቶ የግርማ ወንበር ሲጢጥ አለ። ያ ወንበር በግራ በኩል ብሎኑ የላላ ነው፣ ባዶውን ድምፅ የለውም፣ ሰው ሲደገፈው ብቻ ነው ሲጢጥ የሚለው። ዞር ብዬ አየሁት፣ ባዶ ነው። እርጥበቱ ነው፣ እንጨት መቼም በዝናብ ይናገራል አልኩ። እንጨት አልነበረም፣ ብረት ነው፣ ግን ሰው ሲፈራ የማይለው የለም።

ከዚያ ነው እንግዲህ ዷ!

አምፖሉ ጠፋ፣ ፍሪጁ ጉርር ብሎ ዝም አለ፣ የጎረቤት ሬዲዮ ተቆረጠ። እኔ ሁለት እጄን ጭንቅላቴ ላይ ጭኜ "ወይኔ ልጄ!" ብዬ ጮህኩ። አለቀላት፣ የቀናላት አንድ በር ነበር እሱም ተዘጋ፣ አባቷ የተወላትም ነገር አብሮ ሄደ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ግን ቤቱ ውስጥ ሰማያዊ ብርሃን አለ።

ስክሪኑ በርቷል። ቁጥሩም እየሄደ ነው።

ስልኬን አንስቼ ደወልኩ። "ቤዛ፣ መብራት ጠፋ!"

"ወይኔ እማዬ! አለቀልኝ በቃ!" ታክሲ ውስጥ ነበረች፣ ለቅሶዋ ወዲያው መጣ።

"ኧረ ቆይ፣ አልጠፋም እኮ፣ ስክሪኑ በርቷል፣ ሰባ ሁለት ይላል።"

"መብራቱ ጠፍቷል አላልሽም?"

"ጠፍቷል። አምፖሉም ፍሪጁም ጠፍቷል። የማከፋፈያው ቀይ መብራትም የለም።"

"እማዬ" አለች ቀስ ብላ፣ "ያ ነገር ባትሪ የለውም እኮ። ስክሪኑም የለውም።"

ነይ ብቻ ብዬ ዘጋሁት። ሮጬ ልወጣ በሩን ያዝኩና እግሬ እምቢ አለኝ፣ ማለቴ ከፍርሃት ብቻ አይደለም። ያ ወንበር ደግሞ ሲጢጥ አለ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በዚያች ሰዓት ፍርሃቱ ውስጥ ሌላ ነገር ነበረ፣ ናፍቆት በሉት። ለአንድ ዓመት ልጄ እንዳትሰበር ብዬ ያልወጣልኝ እንባ ያን ጊዜ ነው ዱብ ዱብ ያለው።

"ግርማ" አልኩ። "አንተ ከሆንክ ጨርስላት። ቃል ገብተህላት ነበር። ካልሆንክም ማንም ሁን፣ ብቻ ጨርስላት።"

ዝናቡ፣ ቁጥሩ፣ አንዳንዴ ቋ ቋ። በሩ ላይ እንደቆምኩ ዘጠና አለፈ፣ መቶ ሞላ፣ ስክሪኑ ጠቁሮ እንደገና በራና ዌልካም የሚለው ወጣ። ከዚያ አዲስ፣ ንጹህ ገጽ፣ መሃሉ ላይ ግርማ ከድሮ ጀምሮ ያስቀመጠው የቤዛ የመጀመሪያ ቀን የትምህርት ቤት ፎቶ። እልል ልል አፌን ስከፍት መብራቱ መጣ፣ አምፖሉ ቦግ አለ፣ ፍሪጁ ጉርር አለ፣ እና በዚያችው ቅጽበት ኮምፒውተሩ ድርግም ብሎ ጠፋ። አስተውሉልኝ፣ መብራት ሲጠፋ ያልጠፋው መብራት ሲመጣ ጠፋ።

ቤዛ በስብሳ ገባች፣ ከኋላዋ ጋሽ ሽኩር፣ እሳቸውም ከራስ እስከ እግራቸው ውሃ ሆነው። "ወላሂ አፈርኩ ትግስቴ" አሉ ገና ሳይቀመጡ፣ "ከሰሉ በዝናቡ አልያዝ አለኝ፣ ሙሽራው ቆሟል፣ አንድ ኮሌታ ብቻ ብዬ የኤሌክትሪኩን ብሰካው ጣለው። ስትጮሂ ሰምቻለሁ፣ ቤዛዬ ይቅር በይኝ።"

"ምንም አይደል ጋሽ ሽኩር፣ እርስዎም ቶሎ አነሱት" አልኩ፣ አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው።

"የታለና ቶሎ? ወዲያው ላነሳው ሄጄ እጄን ስሰድ 'ቆይ፣ ሳያልቅ እንዳትነካው' ብሎ ከለከለኝ አይደል እንዴ፣ ዝናብ ውስጥ ቆሜ ጠበቅኩት። በኋላ ነው 'በቃ አሁን አንሳው' ያለኝ።"

"ማን?" አለች ቤዛ።

"ባለሙያው ነዋ፣ በመስኮታችሁ። አንቺ ያመጣሽው መስሎኝ።" ጋሽ ሽኩር ባዶውን ቤት ዞር ዞር ብለው አዩ። "ስሜን ከየት አወቀው ብዬ ነበር። ሽኩሬ እኮ ነው ያለኝ።"

በግቢያችን ከትንሽ እስከ ትልቅ ጋሽ ሽኩር ነው የሚላቸው፣ ሽኩሬ የሚላቸው አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ እሱንም ሦስታችንም ቀብረነዋል። ጋሽ ሽኩር በአፋቸው አንድ ነገር እያነበነቡ ኮፍያቸውን አስተካክለው ወጡ፣ ከዚያን ቀን ወዲህ ስለዚህ ነገር ባነሳባቸው "ዝናብ ነበር፣ ጆሮዬም ደክሟል" ይሉኛል።

ቤዛ ማብሪያውን ተጫነችው። ተነሳች አሮጊቷ፣ አስር ሆና፣ የግርማ ነገር አንድም ሳይጎድል። ፕሮግራሙም ተከፈተ። ልጄ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና "አመሰግናለሁ አባዬ" አለች፣ እኔን አላየችኝም፣ አልጠየቀችኝም፣ ሥራዋን ጀመረች። ሰኞ አስረከበች፣ በሳምንቱ ተቀጠረች። ዛሬ ጠዋት ጠዋት ታክሲ እንዳያመልጣት እየሮጠች ስትወጣ፣ ዳቦ በአንድ እጇ፣ ቻርጀር በሌላው፣ እኔ በር ላይ ቆሜ አይቼ አልጠግባትም።

ኬክ ቤት ለሚመጣ አንድ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ደንበኛዬ ስነግረው "አንዳንድ ዕቃ መብራት ከጠፋ በኋላ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ኃይል ይዞ ይቆያል" አለኝ። ያን ሁሉ ቁጥር? ስለው ማኪያቶውን ጠጣና ጫማውን አየ። እንግዲህ ሙድ የሚያዝብኝ ተራዬ ደርሷል።

ቤዛ በደመወዟ የራሷን ላፕቶፕ ገዛች። አሮጊቷን ነቅለን፣ ሽቦዋን ጠቅልለን፣ ዳንቴሏን መልሰን ጥግ ላይ አኖርናት፣ መጣሉ አላስቻለንም። ባለፈው እሁድ ቤዛ አዲሱ ላፕቶፗ ላይ ተቀምጣ "እማዬ፣ ይሄም አሳድገኝ ይላል፣ ዛሬ ላድርገው?" አለችኝ። "አድርጊዋ" ብያት እኔ አቧራ መጥረግ ቀጠልኩ፣ ጥጉ ጋ ስደርስ ዳንቴሉን ገልጬ መዳፌን አሮጊቷ ጎን ላይ አሳረፍኩ። ሽቦዋን አየሁት፣ እንደጠቀለልነው መሬት ላይ ነው።

ትሞቃለች። አሁን የተሠራበት ዕቃ እንደሚሞቀው ትሞቃለች።

ለቤዛ አልነገርኳትም። ላፕቶፑ ቁጥሩን ቆጥሮ እስኪጨርስ እጄን አላነሳሁም።