የተዘለለው መስመር

«ተይው ልጄ፣ አያስፈልግም።»

መሪጌታ ወልደ ጻድቅ የዓይን ጠብታውን ብልቃጥ በእጃቸው ገፋ አደረጉት። እስከዳር ክዳኑን እንደከፈተች ቀረች። አያቷ በጠብታ ጉዳይ ሰንፈው አያውቁም፤ «ያቃጥላል» እያሉ ቢያጉረመርሙም ጧትና ማታ አንገታቸውን ቀና አድርገው ይጠብቋት ነበር።

«አባባ፣ ትናንትም እኮ አላደረጉም።»

«አዲሱ ዓይን ሊመጣ፣ ይሄን አሮጌውን ማቃጠል ምን ያደርጋል?» አሉና ሳቁ። በርኖሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ በሩ ዞሩ። ግራ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ቀኙ ግን የበሩን ብርሃንና የሰው ጥላ ይለያል። የደብረ ብርሃኑ ሐኪም «ግላኮማ ነው፤ የጠፋው አይመለስም፣ ይህቺን የቀረችውን ግን በጠብታ እናቆያታለን» ብሏቸው ነበር።

እስከዳር ብልቃጡን ከደነች። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ታውቃለች።

ነገሩ የመጣው ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ዘመሮ ከተማ ውስጥ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ሁሉ አንድ ፕሮግራም ያያል፤ የአዳዲስ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ፕሮግራም። መድኃኒት የሚያደርስ ድሮን፣ ፍራፍሬ የሚለቅም ሮቦት፣ የማያሳየው ነገር የለም። የሚነገረው በውጭ ቋንቋ ሲሆን ከሥር የአማርኛ ጽሑፍ ያልፋል። እስከዳር ጽሑፉን ለአያቷ ጮክ ብላ ታነባለች፣ ምስሉንም ትነግራቸዋለች። ሮቦት በሁለት እግሩ ደረጃ የወጣ ቀን መሪጌታ «ወደቀ? አሁንስ ወደቀ?» እያሉ ፋታ ነስተዋታል። ከሳምንቱ ሁሉ የምትወደው ያንን ሰዓት ነው።

ባለፈው ቅዳሜ የታየው ሰው ሠራሽ ዓይን ነበር። መነጽር ላይ ካሜራ አለ፤ ዓይን ውስጥ ደግሞ ከጥፍር የምታንስ ቺፕ ትገባለች። ለዓመታት ዓይነ ስውር የነበረ አባት የልጁን ፊት ለየ። መሪጌታ ወደ ፊት ዘንበል ብለው «እሺ፣ እሺ፣ ከዚያስ?» ይላሉ። ወዲያው ከሥር አንድ መስመር መጣ፦ ይህ መሣሪያ የዓይን ነርቫቸው ለተጎዳ፣ ለምሳሌ ለግላኮማ ሕሙማን፣ አይሠራም።

እስከዳር መስመሩን አየችው። የአያቷንም ፊት አየች። «ይህ መሣሪያ...» ብላ ጀመረችና ተሰናከለች፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው መስመር ዘለለች።

ከዚያ ወዲህ መሪጌታን የሚችላቸው ጠፋ። የብራና ዳዊታቸውን ከማኅደሩ አስወጥተው አቧራውን አስጠረጉ። ዳዊት የሚያስተምሯቸውን ልጆች «ከእንግዲህ ስትቀልዱ አያችኋለሁ» እያሉ ያስፈራሩ ጀመር። የእስከዳር እናትም ነገሩን እውነት ብላ ይዛ በደስታ ታወራዋለች።

እውነቱን ከእስከዳር ሌላ የምታውቀው ኮከብ ብቻ ናት። የጎረቤት ልጅ ናት፤ ቤታቸው ቴሌቪዥን ስለሌለ ቅዳሜ ከነእስከዳር ቤት አትጠፋም።

«ጠብታውን ተዉ እኮ፣ ኮኪ» አለቻት እስከዳር ከትምህርት ቤት ሲመለሱ።

«አንቺ ደግሞ ነገር ታካብጃለሽ። ደስ ብሏቸው የለ እንዴ? ፈታ በይ!»

«የቀረችውም ብርሃን ብትጠፋስ?»

ኮከብ እርምጃዋን ቀነስ አድርጋ «ሐሙስ ከሰዓት ፕሮግራሙ ይደገማል» አለች ቀስ ብላ። «ከፈለግሽ አጠገብሽ እቀመጣለሁ።»

ሐሙስ እስከዳር ከትምህርት ቤት ስትደርስ ልጆቹ ግቢው ውስጥ ዳዊት ይደግማሉ። መሪጌታ መደቡ ላይ ጋደም ብለዋል፤ ለሚያያቸው የተኙ ይመስላሉ። አንዷ ልጅ መሐል ላይ አንድ መስመር ሳታ አለፈች።

«ዘለልሽ! ከላይ ጀምሪ!»

ልጅቷም መዝሙሩን ከመጀመሪያው ጀመረች። እስከዳርም ዳዊት የተማረችው እንዲሁ ነው። አንድ መስመር የዘለለ ሁሉንም ይደግማል፤ የአያቷ ሕግ ይህ ነው። ቆማ ስትሰማ ፊቷ ጋለ።

ልጆቹ ሲበተኑ ኮከብም መጥታ ሦስቱ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጡ። እስከዳር መብራት እንዲጠፋ በልቧ ለመነች። ደመና በዞረ ቁጥር የሚጠፋው የዘመሮ መብራት ያን ቀን ንቅንቅ አላለም። አባትየው ታየ፣ ልጁም ታየች። መስመሩ መጣ።

«አባባ፣ ቅዳሜ አንድ መስመር ዘልያለሁ» አለች። ከዚያም አነበበችው።

ኮከብ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰች።

«ድገሚው» አሉ መሪጌታ።

ደገመችው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይብስ ነበር።

«ይቅር ይበሉኝ አባባ፣ ፊትዎን አይቼ...» ዕንባዋ ቀደማት።

«ነይ፣ አታልቅሺ» አሉና እጇን ፈልገው ያዙ። «ቅዳሜ ስትሰናከዪ ሰምቻለሁ።»

«ሰምተው ነበር?»

«ዕድሜዬን ዳዊት ሳስተምር ኖሬ ይሄ ያመልጠኛል? ተማሪ ቢሆን ቃሉን ሳይጨርስ እይዘው ነበር። ለራሴ ሲሆን አቃተኝ። አንቺ የዘለልሽው አንዴ ነው፤ እኔ ግን በየቀኑ ስዘለው ሰነበትኩ።»

ለረጅም ጊዜ እጇን አልለቀቁም። ያ ደስታቸው ከፊታቸው ቀስ እያለ ሲወርድ እስከዳር አየች፤ ማየቱ በጣም ከበዳት፣ ግን ዓይኗን አላዞረችም።

«ብልቃጡ የት አለ?» አሉ በመጨረሻ።

አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ጠብ አደረገችላቸው።

«ያቃጥላል» ብለው አጉረመረሙ። በዚህ ጉርምርምታ ደስ ይለኛል ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

«ያ አባት» አሉ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «ልጁን ያየ ጊዜ ምን አደረገ? ቅዳሜ ተጣድፈሽ አልነገርሽኝም።»

«ጆሮዋን ነካ። ትንሽ ጉትቻ አላት።»

«ጉትቻዋን አየ!» አሉ መሪጌታ። ፈገግታቸው ተመለሰ። «ተመስገን፤ እሱስ ደረሰለት። በይ እንግዲህ፣ ከላይ ጀምሪ። አንድም እንዳይቀር።»

ቴሌቪዥኑ ወደ ሌላ ነገር አልፎ ነበር። እስከዳር ጀርባዋን ሰጠችው። ጥላዋ በቀኝ ዓይናቸው እንዲታያቸው በሩ በኩል ዞራ ተቀመጠችና ከላይ ጀመረች።