«ዳር» ያለው ማን ነው?

ሀናድን ከብሎኬት ማደባለቂያው ውስጥ ሲያወጡት መዶሻው ከእጁ አልወጣም ነበር። የደረቀ ሲሚንቶ ሊያራግፍ ገብቶ ሳለ ማሽኑ ተነሣበት።

ሀናድ ፎርማን ነበር። አያሃ ሰፈር ያለው ብሎኬት ማምረቻ ደግሞ የሀይቤ ነው።

ልዕልት በማግስቱ ደረሰች። ሐርጌሳ ውስጥ በአንድ የኢንሹራንስ ድርጅት ትሠራለች። ሥራዋ በየትንንሹ ድርጅት እየዞረች ሠራተኛ እንዳይጎዳ መምከር ነው፤ ጉዳት ሲደርስም እንዴት እንደደረሰ ማጣራት። ሀናድን ራሷ አሠልጥናዋለች። ሞቱን ስትሰማ ያለችበት ደረጃ ላይ ተቀምጣለች።

ካፒቴን ካልቱን፣ የወረዳው ፖሊስ መርማሪ፣ ጉዳዩ አልቋል አለቻት። ጥፋተኛው ተሻለ ነው። ሀናድ ማሽኑ ውስጥ ሲገባ ማብሪያው አጠገብ ቆሞ እንዲጠብቅ የተመደበው እሱ ነበር። ከኢትዮጵያ ከመጣ ገና መንፈቅ አልሞላውም፣ ሶማሊኛ አያውቅም። «ማሽኑን አበራሁ» ብሎ ቃሉን ሰጥቶ ፈርሟል። ነገ ዐቃቤ ሕግ ይረከበዋል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ተሻለ ግን ማደሪያ ጊዜ አልነበረውም።

ሀይቤ ልዕልትን በአማርኛ ተቀበላት። እሱም እንደ እሷ ያደገው ኢትዮጵያ ነው፣ ድሬዳዋ፤ አማርኛው ከእሷ ቢበልጥ እንጂ አያንስም።

«አላህ ይርሐመው» አለ። «የተሻለ እጅ ወደ ማብሪያው ሲሄድ አይቼ "ሃ ዳሪን" ብዬ ጮህኩ። አታብራ ማለት እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ። እሱ ግን ሥራ ላይ የለመዳትን "ዳር" ብቻ ያዘ። ዳር ደግሞ በሶማሊኛ አብራ ነው። ወላሂ፣ ደንግጬ በእናቴ ቋንቋ ጮህኩ እንጂ በአማርኛ ብለው ኖሮ ሀናድ ዛሬ በሕይወት ነበር።»

ዓይኑን ጠረገ። ልዕልት አመነችው፣ አዘነችለትም። እንዲህ ያለ ስሕተት የሁለት ቋንቋ ሰዎች አብረው በሚሠሩበት ሁሉ የምትፈራው ነበር።

ቢሆንም ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ተሻለን ልስማው አለች። ካልቱን ቅር እያላት ፈቀደች።

ተሻለ የሁለት ልጆች አባት ነው። ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ አግዳሚ ላይ ኩምትር ብሎ ተቀምጧል።

«ምን ሆነ ተሻለ?»

«ሁሉንም ተናግሬያለሁ እኮ እትዬ። ጋሼ ሀይቤ ዳር አሉኝ፣ ዳር ሆንኩ።»

ካልቱን ጠረጴዛውን መታ አደረገች። «ይኸው!» አለች በሶማሊኛ። «ዳር አለ። ትናንትም በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ልዕልት ልትተረጉም ጀምራ ተወችና ወደ ተሻለ ዞረች።

«ዳር ሆንኩ ስትል ምን አደረግህ?»

«መኪና እየገባ ነው፣ ዳር! አሉኝ። ግንቡን ተጠግቼ በሩን በሩን ሳይ ቆየሁ። መኪና ግን አልመጣም። ከዚያ ማሽኑ ጮኸ።»

«ማብሪያውን ነክተሃል?»

«ኧረ በፍጹም። የኔ ጥፋት ቦታዬን መልቀቄ ነው። የታሰርኩትም ለዚያ ነው።»

«ትናንት ቃልህን ማን ተረጎመልህ?»

«ጋሼ ሀይቤ ናቸዋ።»

ልዕልት ለካልቱን አስረዳቻት። ዳር በአማርኛ ማብራት አይደለም፤ ጥግ ነው፣ ገለል በል ነው። ካፒቴኗ ግን በቀላሉ የምትረታ ሴት አልነበረችም። ሰውየው አንገቱን ለማዳን አዲስ ትርጉም ቢፈጥርስ?

ካልቱን ድንገት ከወንበሯ ብድግ አለች።

«ዳር!»

ተሻለ ከአግዳሚው ተፈናጥሮ ጀርባውን ግድግዳው ላይ ለጠፈ። የክፍሉ መብራት ማብሪያ ትከሻው አጠገብ ነበር። ዞር ብሎም አላየው።

ካልቱን ቀስ ብላ ተቀመጠች። «ሶማሊኛ አለማወቁን አየሁ» አለች። «ማን እንዳበራው ግን አላየሁም።»

ወደ አያሃ ሄዱ። ልዕልት መጀመሪያ የጠረጠረችው መብራቱን ነው፤ ጠፍቶ ሲመጣ ማሽኑ በራሱ ተነሥቶ እንደሆነ ብላ። በሩ ላይ ሻይ የምትሸጠው ሀዎ ግን ትናንት መብራት ጭራሽ አልጠፋም አለቻቸው። መኪናም ወደ ግቢው አልገባም።

ከዚያ ልዕልት ማብሪያው ጎን ያለውን ግድግዳ አየች። ለያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ አንድ ጓጉንቸር ያሰቀለችው እሷ ናት። ማሽን ውስጥ የሚገባ ሰው የማብሪያውን ሳጥን በራሱ ጓጉንቸር ይቆልፋል፣ ቁልፉን ኪሱ ይከታል። ያልተያዘ ጓጉንቸር ከነቁልፉ ሚስማሩ ላይ ይንጠለጠላል። ሌሎቹ ሁሉ ከነቁልፋቸው ተሰቅለዋል። የሀናድ ግን ቁልፍ የለውም።

ቁልፉ የት እንዳለ ካልቱን ታውቃለች። ከሟቹ ሱሪ ኪስ ያወጣችው ራሷ ነች።

«እንግዲያውስ ቆልፎ ነው የገባው» አለች ልዕልት። «ከገባ በኋላ ሌላ ሰው ከፈተው።»

ሀይቤ ከቢሮው ወጥቶ ወደ እነሱ እየመጣ ነበር።

«ጓጉንቸሮቹ ሲገዙ ሁለት ሁለት ቁልፍ ነበራቸው» አለችው ልዕልት። «ትርፎቹን ሠራተኞቹ ፊት ይስበሩ ብዬዎት ነበር።»

«ሰብሬያቸዋለሁ።»

ካልቱን የቁልፍ ዘለላውን እንዲሰጣት እጇን ዘረጋች። አመነታ፣ ከዚያ ሰጣት። አንዱን በሀናድ ጓጉንቸር ላይ ሞከረች፣ እምቢ አለ። ሌላውንም ሞከረች። ትንሿ ቁልፍ ስትገባ ጓጉንቸሩ ቀጭ ብሎ ተከፈተ።

ሀይቤ ካፒቴኗን ትቶ ወደ ልዕልት ዞረ። በአማርኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የተናገረው።

«በረመዳን የነደደውን መጋዘኔን ያነደድኩት እኔው ነኝ። ሀናድ አይቶኛል። የኢንሹራንስ ካሣውን ከእናንተ ስቀበል ዝም አለ። አሁን ግን "ሕሊናዬ አላስተኛኝ" አለ፣ ላንቺ ሊነግርሽ ነበር። ለመንኩት፣ እምቢ አለኝ። ተሻለን ከዚያ ዘወር ማድረግ ነበረብኝ። ልዕልት፣ እኔና አንቺ አንድ አገር ነው ያደግነው። ይኼን ለእሷ አትተርጉሚላት።»

ልዕልት አየችው። በዚያ ለስላሳ አማርኛው ነበር አንዱን የገደለው፣ ሌላውን ያሳሰረው። ከዚያ ወደ ካልቱን ዞራ ቃል በቃል ተረጎመችላት። «አትተርጉሚላት» ያለውንም አልተወችም።

ጣቢያ ሲመለሱ ልዕልት ለተሻለ ትናንት የፈረመበት ወረቀት ምን እንደሚል ነገረችው።

«ዳር ባልሆን ኖሮስ እትዬ፣ ሀናድ ይተርፍ ነበር?»

ልዕልት ልትመልስ ሞከረች። እንባዋ ቀደማት።

ካልቱን አዲስ ወረቀት አወጣች። ተሻለ ተናገረ፣ ልዕልት ተረጎመች፣ ካፒቴኗ ጻፈች። «ዳር» የምትለዋ ላይ ሲደርሱ ብዕሯን አቁማ ጠየቀች፤ «ጎን» ማለት የሆነውን የሶማሊኛ ቃል ከልዕልት ሰማችና እሱን ጻፈች። ስትጨርስ አነበበችው፣ ልዕልትም መልሳ በአማርኛ አሰማችው።

ተሻለ እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

«አዎ» አለ። «ይኼኛው የኔ ቃል ነው።»