ጠፍቷል ይላል ስክሪኑ

የድርጅቱ ሰው ሁሉ ሕንጻው ደጃፍ ላይ የታይፔ ፀሐይ እየጠበሰው ቆሟል። በጨረቃ አቆጣጠር ሰባተኛው ወር፣ ሙታን ወደ ምድር የሚመለሱበት ነው፤ ለእነሱ በተዘረጋው ጠረጴዛ ላይ ዶሮው፣ ብስኩቱና ቢራው ሞልቷል። ምክትል ፕሬዚዳንቱ ጌንግ ከሁሉ ፊት ቆሞ እጅ ይነሳል። ሙት ይፈራል ሰውዬው። የገደላቸውን ግን አይፈራም።

ላይ፣ ስድስተኛ ፎቅ፣ «ጥርኝ» ብቻዋን ናት።

መታወቂያዋ ላይ ያለው ስም ዪ-ፒንግ ነው። ሥራዋ ድርጅቱ የሚያመርተውን የኮምፒውተር ማዘርቦርድ መፈተሽ። ስሙም ሥራውም የውሸት ነው።

የዕቃ ሣጥኑን ቁልፍ በሽቦ ከፈተችው። አንድ ካርቶን። እሽጉ አልተነካም። ከድሮው ምርት የተረፈው ይሄ ብቻ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ጌንግ አስሰብስቦ አስፈጭቶታል።

ስልኳን አስደግፋ ቪዲዮ ከፈተች። ካርቶኑን ካሜራው ፊት ቀደደች። ቦርዱን አወጣች። ፕሮሰሰሩን ገጠመች። የቮልቴጅ መለኪያውን አስነክታ አበራችው።

ስክሪኑ «ራስ-ሰር ማፍጠኛ፦ ጠፍቷል» አለ።

መለኪያው ሌላ አለ። ቁጥሩ ወጣ፣ ወጣ፣ ፕሮሰሰሩ ከሚችለው አልፎ ወጣ። ማንም ምንም አልነካም። ማፍጠኛው ተደብቆ ይሠራል። ቦርዱ በገበያ የፍጥነት ውድድር ከተፎካካሪው በጥቂት ነጥብ እንዲበልጥ ነው ይሄ ሁሉ።

ለጥቂት ነጥብ ሲባል ሳንቾንግ ሰፈር ውስጥ የአንዲት ተማሪ፣ የዩ-ቲንግ፣ ኮምፒውተር በእሳት ተያያዘ፤ ጎረቤቷ የነበሩ ሽማግሌ በጭስ ታፍነው ሞቱ። ድርጅቱ ለዐቃቤ ሕግ «ልጅቷ ሴቲንጉን ነካክታ ነው» አለ። የሃያ ዓመት ልጅ! ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ትቀርባለች። ይሄ ቪዲዮ ካልደረሰላት በሰው ሞት ትታሰራለች።

የጆሮ ማዳመጫዋ ጮኸ። «ጃንጥላ» ነው፤ የልጅቷ ጠበቃ የቀጠረው የግል መርማሪ፣ «ጥርኝ»ንም እዚህ ያስገባት አለቃዋ።

«አገኘሽው?»

«አገኘሁት።»

«ሚሞሪ ካርድ ላይ ገልብጠሽ ከአረንጓዴው ከረጢት ሥር ለጥፊው። ‹ጎረቤት› ይወስደዋል።»

«‹ጎረቤት› ማነው?»

«የላብራቶሪው ሰው ነው። የቆየ። ደግሞ ኮፒ እንዳታስቀሪ።»

«ለምን?»

«ጥያቄ አታብዢ።»

ተዘጋ። አብረው ሲሠሩ ኖረዋል፤ ኮፒ አታስቀሪ ብሏት አያውቅም። ቪዲዮውን ሁለት ካርድ ላይ ገለበጠችው። አንዱን ካልሲዋ ውስጥ ከተተች።

አረንጓዴው ከረጢት የበቆሎ ቺፕስ ነው። በታይዋን ልማድ የመፈተሻው ማሽን ጨዋ እንዲሆን አናቱ ላይ ይቀመጣል፤ አረንጓዴ (ቢጫ ገዱ ክፉ ነው)፣ ጊዜው ያላለፈበት፣ ያልተከፈተ። ኢንጂነሮቹ ራሳቸው ይስቁበታል፣ ግን ማንም አይደፍረውም። ካርዱን ሥሩ ለጥፋ ሽንት ቤት ገባች።

ሠራተኛው ከታች ሲመለስ ተቀላቅላ ገባች።

ከረጢቱ ተቀዷል።

ቺፕሱ ጠረጴዛው ላይ ተበትኗል። ካርዱ የለም። የወሰደው ሰው ሌላ ደብቃ እንደሆነ ብሎ ውስጡንም በርብሯል። የላብራቶሪ ሰው እጁ ቢቆረጥ ይሄን አያደርግም። «ጎረቤት» የሚባል ሰው የለም።

«ጃንጥላ» ሸጧታል።

«ማነው ይሄን የቀደደው?»

የጮኸው የክፍሉ ኃላፊ ጋሼ ሹ ነው። ከገባች ጀምሮ ምሳዋን ሳትጠይቀው ከራሱ ጋር የሚያዝላት ሰው። የጥበቃ ኃላፊው ፓን በሩ ላይ ቆሟል፤ ጥቁር እጅጌው በፍርፋሪ ነጭቷል።

«አንተ ነህ! እጅጌህን እየው!»

«ፍተሻ ነው አቶ ሹ፣ ዘወር ይበሉ።»

«የምን ፍተሻ? ነገ ዕቃ ልንልክ ማሽኑን ታስቀይምብኛለህ? ርቦህ ነው? ታች ዶሮ ሞልቷል፣ ሙታኑ በልተው ጨርሰዋል፣ ውረድና ብላ!»

ወጣቶቹ ከበቡት።

«ሂድ አዲስ ግዛ!»

«ቢጫ ይዘህ ብትመጣ ውርድ ከራሴ!»

ፓን በትከሻቸው ላይ አሻግሮ አያት። «ያቺን ልጅ ያዟት!»

በጫጫታው መሃል ከወጣቶቹ የሰማው የለም። የዕቃ ሊፍቱ ውስጥ ገባች። በሩ ሊዘጋ ሲል አንድ እጅ ገባ።

ጋሼ ሹ።

ሊፍቱ ወረደ።

«ቪዲዮው አንቺ ጋ ነው?» አላት።

ካርዱ ያለበትን እግሯን ወደ ኋላ ሳበች።

«ማፍጠኛውን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ልጄ። ‹ጠፍቷል› የሚለውንም።»

«ማን አዘዘዎት?»

«ጌንግ። እራት ጋብዞኝ፣ ብርጭቆ እያጋጨ፣ በአፉ ብቻ። ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ የኔ ብቻ ነው።»

«ታዲያ ዝም ይላሉ? ሰው ሞቷል! ልጅቷን ሊያስሯት ነው፣ እርስዎ ቁጭ ብለው ምሳ ይበላሉ!»

«ስደቢኝ። ይገባኛል።»

በጥፊ ልትለው እጇ ተነሳ። ያው እጅ ሸሚዙን ጨምድዶ ያዘው። «አብረን እንሂድ። ይመስክሩ።»

«እኔ ከሌለሁ ፓን በሩ ላይ ይቀድምሻል። ተመልሼ አቆየዋለሁ።» ጣቶቿን ከሸሚዙ አላቀቀ። «ሂጂ። ይሄንንስ ላድርገው።»

ደጃፉ ላይ «ጃንጥላ» ከጌንግ ጋር ቢራ ይዞ ይስቃል። ጠርሙሱን አናቱ ላይ ብትሰብርለት በወደደች። የሞተር ሄልሜቷን አጥልቃ በኋላው አለፈች። የዩ-ቲንግ ጠበቃ ቢሮው በር ላይ ካርዱን ከእጇ ተቀበለ፤ ስሟን አልጠየቃትም።

በማግስቱ ዩ-ቲንግ በነፃ ተሰናበተች።

«ጥርኝ» ዜናውን ያየችው አንድ ኑድል ቤት ውስጥ ነው። ጌንግ ማይክሮፎን ፊት ቆሟል። «ያመነው ሠራተኛ ከድቶናል፤ በጣም አዝነናል» አለ። ቀጥሎ ጋሼ ሹ በካቴና ታየ። የሾርባውን ሳህን ገፋ አደረገችው።

የቤቱ ባለቤት ሴትዮ ማንኪያቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ቀሰሩ። «እዪው የዚህን አረመኔ ፊት! አያስጠላም፣ ቆንጆዬ?»

እሱ አይደለም ልትል አፏን ከፈተች። ይሄን የሚያውቅ ሰው ማን እንደሆነ ይጠየቃል። ከየት እንደመጣም።

«ያስጠላል» አለች።

ሄልሜቷን አጠለቀች፤ ቀይ መብራት ከያዛቸው ሞተሮች መሃል ገባች፤ አረንጓዴ ሲበራ ከሁሉም ጋር ሄደች።